ያረጀ ሲጂ 125 አልነሳ ሲል ከየት ይጀመራል?

ሆንዳ ሲጂ 125ም ሆነ ሞተሩን የቀዱት የቻይና ሞተር ሳይክሎች ሲያረጁ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቸግሩት በትንሽ ነገር ነው፦ በላላ ሽቦ፣ በዛገ ማሳ (ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው ነጌቲቭ የሚመለስበት የሻንሲና የሞተር ግንኙነት)፣ በቆሸሸ ጂክለር (ካርቡራተር ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍበት ቀጭን ቀዳዳ ያለው ቡሎን)። ሲዲአይ (የካንዴላውን እሳት የሚቆጣጠር የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን) ወይም ካርቡራተር ከመግዛትዎ በፊት በቅደም ተከተል ይፈትሹ። እዚህ የተጻፈው 12 ቮልት ለሆኑትና በሲዲአይ ለሚሠሩት ነው፤ በሲዲአይ ፈንታ ፑንቲና (እሳቱን የሚቆራርጥ ሜካኒካል መገናኛ) ያላቸው የድሮዎቹ አፈታተሻቸው ይለያል።

መጀመሪያ እሳት። ካንዴላውን (ዲ8ኢኤ፣ በ18 ቁልፍ ይፈታል) አውጥተው ከካፑ ጋር እንደተሰካ ብረቱን ሞተሩ ላይ ያስነኩ። ከካንዴላው ቀዳዳ ግን ያርቁት፤ ከውስጥ የሚወጣው የቤንዚን ትነት ሊቀጣጠል ይችላል። ቁልፉን ከፍተው ፔዳሉን ይርገጡ። ሰማያዊ እሳት ጠንከር ብሎ ከዘለለ ደህና ነው። ቀጭንና ቢጫ ከሆነ ክፍተቱን ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ያስተካክሉ፤ ካፑን ከሽቦው ነቅለው የሽቦውን ጫፍ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ቆርጠው መልሰው ያጥብቁት። ጫፉ ውስጥ ያለው መዳብ ሲያረንጓድድ እሳቱ ይደክማል።

እሳት ጭራሽ ከሌለ ብዙ ሰው ሲዲአይ ሊገዛ ይሮጣል። መጀመሪያ ግን ከሲዲአዩ የሚወጣውን ነጭ መስመር ያለበት ጥቁር ሽቦ ይንቀሉ። ሞተሩ የሚጠፋው ይህ ሽቦ ከማሳ ጋር ሲገናኝ ነው። ሲነቀል እሳት ከመጣ ጥፋቱ የቁልፉ ወይም የማጥፊያው ነው፤ ውሃ ገብቶበት ወይም ከታንከሩ ሥር ሽቦው ተልጦ ከሻንሲው ጋር ነክቶ ይሆናል። በዚህ ሁኔታ ሞተሩ ቢነሳ በቁልፍ አይጠፋም፤ ማርሽ አስገብተው፣ ፍሬን ይዘው፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው በመልቀቅ ያጥፉት። አሁንም እሳት ከሌለ ከቮላኖው (በሞተሩ ጎን ከሚዞረው ከባድ ጎማ) በኩል የሚመጣውን ቀይ መስመር ያለበት ጥቁር ሽቦ ከአረንጓዴው (ማሳው) ጋር በቴስተር ይለኩ። ጥቂት መቶ ኦም ካሳየ ጥቅልሉ አልተቆረጠም፤ ምንም ካላነበበ ተቆርጧል።

እሳት ካለ ወደ ቤንዚኑ ይሂዱ። የካርቡራተሩን ታችኛ ሳህን ማፍሰሻ ቡሎን ፈተው በብርጭቆ ይቀበሉ። ከሥር ጠብ ጠብ ያለ ሉል ሆኖ የሚተኛው ውሃ ነው፤ ቡናማው ደቃቅ የታንከር ዝገት ነው። ቤንዚኑ ጥሩ ወርዶ ከ10 ወይም 15 ደቂቃ ጉዞ በኋላ የሚጠፋ ከሆነ የታንከሩን ክዳን ይክፈቱ፤ «ሺው» ብሎ አየር ከሳበ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል። ቾክ ተስቦ ብቻ የሚሄድ ሞተር የሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጥ ሞተሩ ቀስ ብሎ የሚዞርበት) ጂክለሩ ተዘግቷል ማለት ነው። በብረት ሽቦ አይጎርጉሩት፤ ቀዳዳው ይሰፋና ከዚያ ወዲያ ሚኒሞ አይስተካከልም። ከኤሌክትሪክ ሽቦ የወጣች አንዲት ቀጭን የመዳብ ክርና የተጨመቀ አየር ይበቃሉ።

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ይሳሳል፤ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ካንዴላውን ያጠቁረዋል። ዋናውን ጂክለር አንድ ቁጥር ማሳነስ ያስተካክለዋል። በዚያው ጂክለር ወደ ቆላ ወርደው ረጅም መንገድ ከነዱ ግን ሞተሩ ይግላል፤ የመጀመሪያውን ይዘው ይሂዱ።

እሳቱም ቤንዚኑም ደህና ሆኖ፣ በተለይ ሲሞቅ አልነሳ ካለ፣ ቫልቩን ይጠርጥሩ። ሞተሩ ፍጹም ሲቀዘቅዝ የቮላኖውን የቲ ምልክት በማይዞረው የሞተር አካል ላይ ካለው ምልክት ጋር ያጋጥሙ፤ ሁለቱም ሮከሮች (ቫልቮቹን የሚጫኑት ክንዶች) ላላ ማለት አለባቸው። አንዱ ከጠበቀ አንድ ሙሉ ዙር ይጨምሩ። በሮከሩና በቫልቩ መካከል ያለው ክፍተት ለሁለቱም 0.08 ሚሊ ሜትር ነው። ዳዶው ሲጠብቅ ክፍተቱን የሚያስተካክለውን ቡሎን ስለሚያዞረው ካጠበቁ በኋላ ደግመው ይለኩ። ጥቂት «ጠቅ ጠቅ» የሚል ቫልቭ ጤናማ ነው፤ ያረጀ ሞተር ድንገት ዝም ሲል ነው መፍራት፦ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ ካልተዘጋ ጫፉ ይቃጠላል። ክፍተቱ ተስተካክሎም ፔዳሉ ከቀለለ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምረው ይርገጡ። ከከበደ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል፤ ካልተለወጠ ቫልቩ ያስተነፍሳል።

ባትሪ ቶሎ የሚወርድበት ሞተር፦ ሞተሩ ጠፍቶ የሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት ያህል ያነባል። አስነስተው ጋዝ ሲሰጡት ከ13.8 እስከ 14.5 መድረስ አለበት። ካልጨመረ ጥቅልሉን ወይም ሬጉሌተሩን፣ ከ15 ካለፈ ሬጉሌተሩንና ማሳውን ይዩ፤ አምፖል የሚያቃጥለውም እሱ ነው። ማሳውን ለመፈተሽ የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ነጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ አካል ላይ አድርገው ክላክስ ይንኩ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ ማሳው ዝጓል፤ ቡሎኑን ፈተው እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጉት። በብዙዎቹ ላይ የፊት መብራቱ የሚሠራው በቀጥታ ከዲናሞው ስለሆነ ሚኒሞ ላይ መደብዘዙ ብልሽት አይደለም። ፍሬቻ ከወትሮው ፈጥኖ ብልጭ ድርግም ካለ በዚያ በኩል አንዱ አምፖል ተቃጥሏል።