«ቁም» የሚለውን ፕሪንተሩ አጠገብ ስሙት

አዘዞ ካለ የሰሊጥ መጋዘን ተደወለልኝ። ኮምፒውተሩ ፒያሳ ቢሮ ውስጥ ነው፤ ደረሰኝ የሚያትመው ባለ መርፌ ፕሪንተር ደግሞ መጋዘኑ ውስጥ፣ ከሚዛኑ ጎን። ከፕሪንተሩ ጀርባ የኔትወርኩን መስመር ወደ ሲሪያል፣ ማለትም ቢቶችን ተራ በተራ ወደሚያሳልፍ መስመር የሚለውጥ ትንሽ ሳጥን አለ። የመጋዘኑ ኃላፊ ወረቀቱን ዘርግተው ጠበቁኝ። «ልጄ፣ የዚህ ገበሬ ሰሊጥ የት ገባ?» አሉኝ። ስሙ አለ፣ ቀኑ አለ፤ ክብደቱ መጻፍ ከነበረበት ቦታ ላይ ግን መስመሩ ተቆርጦ ከሌላ ሰው ኩንታል ጋር ተጣብቋል። የዓመት ልፋት የሚመሰከርበት ወረቀት ነውና አንዲት ፊደል እንኳ መጥፋት የለባትም።

ፕሪንተሩ አትሞ ያልጨረሰውን ጽሑፍ በማቆያው ይይዛል። ማቆያው ሊሞላ ሲል ኤክስኦፍ የሚባለውን የ«ቁም» ምልክት ይልካል፤ ቁጥሩ 19 ነው። ቦታ ሲያገኝ ኤክስኦን፣ ማለትም «ቀጥል» የሚለውን 17 ቁጥር ይልካል። የተለየ ሽቦ አይፈልግም፤ ምልክቱ የሚሄደው በራሱ በመረጃው መስመር ነው።

ችግሩ ርቀቱ ነው። በ9600 ባውድ፣ ማለትም በሰከንድ 9600 ቢት ፍጥነት፣ አንድ ፊደል ከመነሻና ከመዝጊያ ቢቱ ጋር 10 ቢት ስለሚሆን በሰከንድ 960 ፊደል ይፈስሳል። የኔትወርኩን ደርሶ መልስ ስለካው 300 ሚሊሰከንድ ገደማ ሆነ። «ቁም» ፒያሳ ደርሶ ፍሰቱ እስኪቋረጥ 288 ፊደል ይመጣል ማለት ነው። ይህ ፕሪንተር ምልክቱን የሚልከው 256 ባይት ቦታ ሲቀረው ነበር። ወረቀት ሊቀየር በቆመ ቁጥር ትርፉ ይጠፋል።

ስለዚህ ለምልክቱ የሚታዘዘው ሳጥኑ ይሁን። የሳጥኑን የቅንብር ገጽ በማሰሻ ከፍታችሁ፣ በሲሪያል ወደቡ ሥር የፍሰት ቁጥጥሩን ኤክስኦን/ኤክስኦፍ አድርጉት። ፕሪንተሩም ላይ እንዲሁ፣ ባውዱም እኩል ይሁን። ሳጥኑ ሲቆም የራሱ ማቆያ ይሞላል፤ ከዚያ ወዲያ ኮምፒውተሩን የሚያስቆመው በኔትወርኩ ላይ የመረጃውን መድረስ የሚቆጣጠረው ቲሲፒ ራሱ ነው፣ ምንም ሳይጠፋ። ኮምፒውተሩ ላይ ሩቅ ያለውን ሲሪያል ወደብ እንደ ራሱ የሚያሳየው ምናባዊ ወደብ ከተጫነና የሚሠራው እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣው አርኤፍሲ 2217 በሚባለው መስፈርት ከሆነ እዚያም ያንኑ ምረጡ፤ አለበለዚያ ሳጥኑ ላይ ያስተካከላችሁትን ሊሽርባችሁ ይችላል።

ሳትፈትኑ አትውጡ። ከ1 እስከ 500 ቁጥር የተሰጣቸው መስመሮች ላኩ፤ መካከል ላይ ፕሪንተሩን በቁልፉ አቁሙት፣ ጥቂት ቆይታችሁ ልቀቁት። እኔ ይህን ሳደርግ ኃላፊው ቁጥሮቹን በጣታቸው እየተከተሉ እስከ መጨረሻው ወረዱ፤ አንድም አልጎደለም።

ሚዛኑን ግን አትንኩት። ክብደቱን በፊደል ሳይሆን በጥሬ ባይት የሚልክ ሚዛን ከሆነ፣ 19 ራሱ የክብደቱ አካል ሆኖ ሊመጣ ይችላል፤ ሳጥኑም «ቁም» የተባለ መስሎት ወደ ሚዛኑ መላኩን ያቆማል፣ ባይቱንም ይውጠዋል። ለእንዲህ ያለው አርቲኤስ እና ሲቲኤስ የሚባሉት፣ «ቁም» እና «ቀጥል»ን ከመረጃው ለይተው የሚያስተላልፉ ሽቦዎች ያሉት ገመድ ግዙ። ፕሪንተሩም አንድ ቀን ያለ ምክንያት ዝም ቢል ኤክስኦኑ መንገድ ላይ ጠፍቶ ይሆናል፤ ሳጥኑን አጥፍታችሁ አብሩት።