ቀጣዩ ጌም እናንተ ኮንሶል ላይ ይመጣል ወይስ አይመጣም? እንደ አሳታሚ ቁጭ ብላችሁ እንዴት እንደምትገምቱ

ጌም የሚወድ ሰው ይህን ንዴት ያውቀዋል። ለዓመታት የተከታተላችሁት ጌም አዲስ ክፍል ሊወጣለት ነው ይባላል፣ ደስ ብሏችሁ ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻ ታያላችሁ፣ መጨረሻ ላይ የሚወጣው ምልክት ግን እቤታችሁ ያለው ኮንሶል (የጌም ማጫወቻ ማሽን) አይደለም። ከዚያ "ከዱን" ይጀመራል። የከዳችሁ የለም። አሳታሚዎቹ፣ ማለትም ጌሙን ለገበያ የሚያወጡት ድርጅቶች፣ ሂሳብ የሠሩ ሰዎች ናቸው፣ በቃ። ሂሳቡን ደግሞ እናንተም ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ለማሳያ ሞንስተር ሀንተርን እይዛለሁ፣ እንደሱ ከኮንሶል ኮንሶል የተንከራተተ ጌም ብዙ የለምና። (ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ በፈረንጆች ናቸው።)

መጀመሪያ፦ ጌሙ የማን ነው?

ማሪዮ የኒንቴንዶ ነው። ኒንቴንዶ ኮንሶል ይሸጣል፣ ማሪዮ ደግሞ ኮንሶሉን እንድትገዙ የሚጎትታችሁ ገመድ ነው። ፕሌይስቴሽን ላይ አትጠብቁት። ሞንስተር ሀንተር ግን የካፕኮም ነው፣ ካፕኮም ደግሞ ኮንሶል አይሠራም። በሩ ክፍት ነው ማለት ነው።

ባለቤት የሚቀየርበት ጊዜም አለ። የኤክስቦክስ ባለቤት ማይክሮሶፍት በ2014 የማይንክራፍትን ሠሪ በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛ፣ ጌሙ ግን እስከዛሬ ፕሌይስቴሽን ላይ አለ። በ2021 ደግሞ ጌም ሠሪውን ቤተስዳን ከነእናት ድርጅቱ በ7.5 ቢሊዮን ጠቀለለ፣ የቤተስዳ ጌም ስታርፊልድ በ2023 ሲወጣ ፕሌይስቴሽን አልነካም። ለምን ተለያዩ? ማይንክራፍት ቀድሞውኑ በየቤቱ ገብቶ ነበር፣ ማውጣት ማለት የሚከፍል ሰው ማባረር ነው። ስታርፊልድ አዲስ ነበር፣ የሚናደድ ነባር ገዢ አልነበረውም። ስለዚህ የምትጽፉት ጥያቄ "ባለቤቱ ማነው" ብቻ ሳይሆን "ባለቤቱ የበለጠ የሚያተርፈው ማሽን በመሸጥ ነው ወይስ ጌም በመሸጥ?" የሚለው ነው። መልሱ ደግሞ ይለወጣል፤ ያው ማይክሮሶፍት በ2025 የራሱን ጌም ፎርዛ ሆራይዘን 5ን ወደ ፕሌይስቴሽን 5 አመጣው።

ቀጥሎ፦ ገዢውን ቁጠሩ፣ ማሽኑን ብቻ አይደለም

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። "ይሄ ኮንሶል 100 ሚሊዮን ተሽጧል፣ እንዴት ይተዉታል?" ይላል። የኒንቴንዶው ኮንሶል ዊ ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። አሳታሚው ሴጋ በ2009 ማድወርልድ የሚባል ደም በደም የሆነ ጌም አወጣበት፣ ሽያጩ ግን ቀዘቀዘ። ማሽኑ ሳሎን ውስጥ ያለው ለቤተሰብ ቦውሊንግ ነበራ።

አሁን ሞንስተር ሀንተርን ተከተሉት። በ2004 ፕሌይስቴሽን 2 ላይ ተጀመረ። የፈነዳው ግን ጃፓን ውስጥ በኪስ በሚያዘው ፒኤስፒ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ጌሙ ከጓደኛ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ አንድ ትልቅ አውሬ ማደን ነው፣ ለዚያ ደግሞ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ማሽን ይሻላል። ሦስተኛው ክፍል ለፕሌይስቴሽን 3 ታስቦ ሳለ በ2007 ካፕኮም ወጪው ከበደኝ ብሎ ወደ ዊ አዞረው። አራተኛው በ2013 ኒንቴንዶ 3ዲኤስ ላይ ወጣ። ከዚያ ካፕኮም አሜሪካንና አውሮፓን ፈለገ፣ እዚያ ያለው ገዢ ደግሞ ትልቅ ቴሌቪዥን ፊት የሚቀመጥ ነው። በ2018 ዎርልድ የሚለው ክፍል በፕሌይስቴሽን 4፣ በኤክስቦክስ ዋንና ትንሽ ቆይቶ በኮምፒውተር መጣ፤ በካፕኮም ታሪክ እንደሱ የተሸጠ ጌም የለም። አያችሁ? ጌሙ ማሽን እየተከተለ አይደለም፣ ሰው እየተከተለ ነው።

የእኛን ነገር ካነሳን አይቀር፦ ፕሌይስቴሽን 2 ሰፈራችን ውስጥ ስንት ዓመት ኖረ! በዓለም ደረጃም ወደ 160 ሚሊዮን ስለተሸጠ በ2013 ፊፋ 14 ሳይቀር ወጥቶለታል፣ ማሽኑ ከተወለደ ከ13 ዓመት በኋላ። ያ ግን ለእኛ ተብሎ አልነበረም። የእኛ ሲዲ ብዙው ኮፒ ነው፣ አሁንም ብዙዎቻችን የኦንላይን አካውንት የምንከፍተው የሌላ አገር ስም መርጠን ነው። በአሳታሚው ሂሳብ ውስጥ የለንም፣ ካለንም ሌላ አገር ሆነን ነው።

ሂሳቡን ሥሩ

ይሄ አጭር ነው። ጌሙ 60 ዶላር ይሸጥ እንበል። ባለ ኮንሶሉ ከኦንላይን ሱቁ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 30 በመቶ ይወስዳል፣ 42 ዶላር ቀረ። ወደ ሌላ ኮንሶል ማሸጋገሩ ከነሙከራው 4.2 ሚሊዮን ዶላር ይፈጃል ብለን እናስብ። ወጪውን ለመመለስ ብቻ 100,000 ቅጂ መሸጥ አለበት። ይህ ቁጥር ለምሳሌ ያመጣሁት ነው፣ ግን እጃችሁ ላይ ካለው ኮንሶል ስንት ሰው እንዲህ ዓይነት ጌም በሙሉ ዋጋ ይገዛል ብላችሁ ስትጠይቁ ብዙው "ለምን አላመጡትም" የሚል ጥያቄ እዚሁ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ጥገናና ማሻሻያ ደግሞ ጨምሩበት።

ማሽኑ ይችለዋል?

ፋይናል ፋንታሲ ስድስት ክፍል ከኒንቴንዶ ጋር ኖሮ ሰባተኛውን በ1997 ይዞ ወደ ፕሌይስቴሽን የሄደው በጠብ ብቻ አይደለም። የኒንቴንዶ 64 ካሴት ቢበዛ 64 ሜጋባይት ይይዛል፣ አንድ ሲዲ ወደ 650 ይይዛል፣ ጌሙ ደግሞ ሦስት ሲዲ ሞላ። ምን ክርክር አለው?

ዛሬም ያው ነው። ባልዱርስ ጌት 3 በ2023 መስከረም ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ሲወጣ ኤክስቦክስ ላይ ሳይወጣ እስከ ታኅሣሥ ቆየ። ምክንያቱ ርካሹ ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ ነው፤ ስክሪኑን ለሁለት ከፍሎ ማጫወት አቃተው፣ የማይክሮሶፍት ደንብ ደግሞ ሁለቱም ኤክስቦክሶች እኩል ይሁኑ ይላል። መጨረሻ ላይ ማይክሮሶፍት ለቀቅ አደረገ። ሳይችል በግድ ሲጫንበት ምን እንደሚመጣ ለማየት ደግሞ ሳይበርፐንክ 2077 አለ። በ2020 ታኅሣሥ ወጣ፣ በድሮዎቹ ኮንሶሎች ላይ ስለተበላሸ የፕሌይስቴሽን ባለቤት ሶኒ በሳምንት ጊዜ ከሱቁ አነሳው፣ የተመለሰው በቀጣዩ ዓመት ሰኔ ነው።

ማን ከፈለ?

እስካሁን ያለው ሁሉ ተስተካክሎ ጌሙ አሁንም እናንተ ጋ ካልመጣ፣ ሌላ ሰው ከፍሏል ማለት ነው። ስትሪት ፋይተር 5 በ2016 ኤክስቦክስን የዘለለው ሶኒ ስላገዘው ነው። ባዮኔታ 2ን ደግሞ ሴጋ ትቶት ኒንቴንዶ ገንዘቡን አወጣ፣ ስለዚህ በኒንቴንዶ ብቻ ቀረ። በዚህኛው መናደድ አይገባም፣ ያለ ከፋዩ ጌሙ ራሱ አይኖርም ነበር።

ክፍያው አብዛኛውን ጊዜ ለጊዜ ነው። ፋይናል ፋንታሲ 16 በ2023 ሰኔ ለፕሌይስቴሽን 5 ሲወጣ ማስታወቂያው ላይ ለ6 ወር ብቻ የሚል ጽሑፍ ነበረው። ሰው ስድስት ወር ቆጠረ። ኮምፒውተር ላይ የመጣው በ2024 መስከረም፣ ኤክስቦክስ ላይ በ2025 ሰኔ ነው። "6 ወር" ማለት ከዚያ በፊት አይመጣም ነው እንጂ በስድስተኛው ወር በር ያንኳኳል ማለት አይደለም።

አሁን ሞክሩት

ሞንስተር ሀንተር ራይዝን ውሰዱ። የ2021 ጌም ነው። ባለቤቱ ኮንሶል የለውም፣ የጃፓን ገዢ የኒንቴንዶን ኮንሶል ስዊችን ይዟል፣ ጌሙም ለስዊች እንዲቀል ሆኖ ነው የተሠራው። መጀመሪያ ስዊች፣ በ2022 ኮምፒውተር፣ በ2023 ሌሎቹ። ዋይልድስን ደግሞ ውሰዱ፦ በጣም ከባድ ነው፣ ስዊች አይችለውም፣ የሚፈልገው የዓለምን ገዢ ነው። በ2025 የካቲት መጨረሻ በፕሌይስቴሽን 5፣ በኤክስቦክስና በኮምፒውተር በአንድ ቀን ወጣ።

ለሚቀጥለው ጌም፣ ማስታወቂያው ሲያልቅ ቶሎ አትዝጉት። የመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ላይ አቁሙና ከታች ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ አጉልታችሁ አንብቡ። "ለኮንሶል ብቻ" ካለ ኮምፒውተር ላይ ይመጣል ብላችሁ ጠርጥሩ፣ ጊዜ ከጠቀሰ ቀኑን ጻፉ፣ ምንም ካላለና አሳታሚው ኮንሶል የማይሠራ ከሆነ ገንዘባችሁን ያዙና ጠብቁ።