የእንግሊዝ ክላሲክ ለቡክ ክለብ ስታነቡ የተሰማችሁን እንዴት ይዛችሁ እንደምትመጡ

ጣና ዳር ቁጭ ብለን ገና ቡናው ሳይቀርብ አንዱ ይጀምራል፣ ደራሲው መቼ ተወለደ፣ ስንት መጽሐፍ ጻፈ፣ ታሪኩ ከየት ተነስቶ የት ደረሰ ምናምን ይልና "በአጠቃላይ አሪፍ መጽሐፍ ነው" ብሎ ያርፋል። ወዳጄ ታሪኩን እኮ ሁላችንም አንብበነዋል፣ እኛ የምንፈልገው የት ጋ እንደተናደድክ ነው። ስለዚህ ባህር ዳር ላይ አዲስ ክለብ ለምትጀምሩ ይቺን ጻፍኩ።

ለመጀመሪያ ግሬት ኤክስፔክቴሽንስን ውሰዱ። ውፍረቱ አያስፈራችሁ፣ ዲክንስ ከ1860 መጨረሻ እስከ 1861 (እ.ኤ.አ.) በየሳምንቱ መጽሔት ላይ እየቆራረሰ ያወጣው ስለሆነ ምዕራፎቹ ብዙም አያደክሙም፣ ደግሞ ራሱ ለሦስት ከፍሎላችኋል፦ 59 ምዕራፍ ነው፣ አንደኛው ክፍል 19 ላይ ሁለተኛው 39 ላይ ያልቃል፣ ሦስት ስብሰባ በቃ። ኮፒራይቱ ስላለፈ ፕሮጀክት ጉተንበርግ የሚባል ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛል፣ ኔት ያለ ቀን አውርዱና ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት፣ በኋላ "ኔት ጠፍቶ ነው ያላነበብኩት" የሚባል ሰበብ የለም። ሁሉም በስልኩ ስለሚያነብ ገጽ አይገጥምም፣ በምዕራፍ ቁጥር ተነጋገሩ።

አሁን ዋናው። ስታነቡ ሃይላይት ብቻ አድርጋችሁ አትለፉ፣ ከሳምንት በኋላ ለምን እንዳሰመራችሁበት አታስታውሱትም። እዛው በትኩሱ በአማርኛ አንድ ሁለት ቃል ጻፉበት፣ "ሼም"፣ "ውሸታም"፣ "አባቴ"፣ የፈለጋችሁትን፣ ማንም አያየውም።

ምሳሌ ልስጣችሁ፣ ምዕራፍ 27። ታሪኩን የሚተርክልን ፒፕ ለንደን ገብቶ ጌታ ሆኗል፣ ያሳደገው የእህቱ ባል አንጥረኛው ጆ ሊጠይቀው ይመጣል። ፒፕ ምን ይላል፣ ገንዘብ ከፍዬ ማስቀረት ብችል ኖሮ በእርግጥ እከፍል ነበር ይላል! ጆ ደግሞ ኮፍያውን የምድጃው መደርደሪያ ጠርዝ ላይ ያስቀምጣታል፣ ትወድቃለች፣ ያነሳታል፣ ደግሞ ትወድቃለች፣ ያሳደገውን ልጅ አንዴ ፒፕ አንዴ "ጌታዬ" እያለ ይጠራል። እዚህ ጋ ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ የተማረ ሰው ዝም ካለ ይገርመኛል፣ አባቱ ከገጠር በሶ ቋጥሮለት በር ላይ ሲጠብቀው ለጓደኞቹ "ያገሬ ሰው ነው" ያለ ልጅ ሁላችንም እናውቃለን። እሱን ተናገሩት። ይሄ ነው የተሰማኝ ማለት።

ግን እዛው አታቁሙ፣ ስሜታችሁን አንዴ ከመጽሐፉ ጋር አስተያዩት። እኛ ጋ ብረት ቀጥቃጭ ድሮ ይናቅ ስለነበር ፒፕ ያፈረው በጆ አንጥረኝነት ነው ብላችሁ ልትደመድሙ ትችላላችሁ፣ እንግሊዝ ውስጥ ግን አንጥረኛ የተከበረ ባለሙያ ነበር፣ ፒፕም ልጅ እያለ የጆን ሙያ ይመኘው ነበር፣ ማፈር የጀመረው ሀብታሞቹ እነ ኤስቴላ ቤት ገብቶ ተራ ሠራተኛ ተብሎ እጁና ጫማው ከተሳቀበት በኋላ ነው። ንቀቱን ከየት እንደለቀመው ስትከታተሉ ክርክሩ ይደምቃል።

የጄን ኦስተን ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ (1813 እ.ኤ.አ.) ላይም እንደዛው ነው። አምስት ሴት ልጆች ያሉት ቤት አባት ሲሞት ንብረቱ ለወንድ ዘመድ ለኮሊንስ ይሄዳል ሲባል የጎጃም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ሴቶቹስ?" ብሎ ነው፣ እኛ ጋ እኮ ርስት በእናትም በአባትም ይቆጠር ነበር፣ ሴት ልጅም ትጠይቅ ነበር። ይሄን ጥያቄ ሳትይዙ እናትየዋ ልጆቿን ለመዳር የምትሮጠውን ሩጫ ካነበባችሁት ጩኸታም ሴትዮ ብቻ ትመስላችኋለች። ምዕራፍ 22 ላይ ደግሞ ጓደኛዋ ሻርለት፣ ከአምስቱ አንዷ ኤልሳቤጥ እምቢ ያለችውን ኮሊንስን ለማግባት እሺ ትላለች፣ የምፈልገው የተመቸ ቤት ነው ትላለች በግልጽ። እኔ ልክ ነች ባይ ነኝ፣ 27 ዓመቷ ነው፣ የራሷ ገንዘብ የላትም፣ ምን ታድርግ? እዚህ ጋ ክለቡ ለሁለት ይከፈላል፣ አታስታርቁ።

የኤሚሊ ብሮንቴ ወዘሪንግ ሃይትስ ላይ ወረቀት ይዛችሁ የዘር ሐረጉን ሳሉ፣ ሁለት ካትሪን አለ፣ ትጠፋላችሁ። የጠላ ሰው ካለ ይጥላ፣ ግን ማንን እንደጠላና የት ጋ እንደጀመረው ይንገረን፣ ፊልሙን ብቻ አይቶ የመጣው ደግሞ መጨረሻ ላይ ይናገር። ወሬው በአማርኛ ይሁን፣ ጥቅሱ ብቻ በእንግሊዝኛ ይነበብ፣ አለበለዚያ እንግሊዝኛው የሚፈስለት ሰው ብቻውን ያወራል። ሰዓቱን 9 ሰዓት አድርጉት፣ ሲመሽ ሐይቁ ዳር በትንኝ አያስቀምጥም።

ረጅም ሰለቸን ካላችሁ የሳሙኤል ጆንሰን ራስላስ (1759 እ.ኤ.አ.) አለላችሁ፣ 49 ጥቃቅን ምዕራፍ። ታሪኩ ስለ አቢሲኒያ ልዑል ነው፣ አባቱም የወንዞች አባት የሚነሳበት አገር ንጉሥ ነው ተብሎ ይጀምራል፣ ማለት የኛው ዓባይ። ጆንሰን ራሱ ኢትዮጵያን በዓይኑ አላያትም፣ ግን ራስላስን ከመጻፉ በፊት፣ በ1620ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እዚህ የመጣውን የፖርቱጋሉን ጀስዊት (የካቶሊክ ሚስዮናዊ) የሎቦን የጉዞ መጽሐፍ ተርጉሞ ነበር። "ይሄማ እኛ አይደለንም" የሚል መምጣቱ አይቀርም፣ የቱ ምዕራፍ ላይ እንዳለው ጠይቁት። የመጨረሻው ምዕራፍ ርዕስ "ምንም ያልተደመደመበት መደምደሚያ" ስለሆነ ተናዶ የሚመጣ አለ፣ በዛ ቀን ወሬውን እሱ ይጀምር።