እንግዶችን ግሪክ ደሴት ላይ ወዳለ ሠርግ እንዴት እናድርስ?

ሠርጉ ፓሮስ በተባለችው የግሪክ ደሴት ላይ ነው ሲባል ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀው የአውሮፕላን ቲኬት ስንት ነው ብሎ ነው። እንደ እኔ አስተያየት ግን አውሮፕላኑ ከሁሉም ይቀላል፤ የሚያስቸግሩት ሁለቱ ጫፎች፣ መነሻ ላይ ቪዛው፣ መድረሻ ላይ ባሕሩ ናቸው። ስለዚህ ዕቅዱን ከሠርጉ ቀን ጀምራችሁ ወደኋላ እየቆጠራችሁ አውጡት። እዚህ ምሳሌ የማደርገው ፓሮስን ነው።

1. ቀኑን ከነፋሱና ከጾሙ ጋር አስማሙ

በሐምሌና በነሐሴ በኤጂያን ባሕር ላይ መልቴሚ የሚሉት የሰሜን ነፋስ ይበረታል። በፈረንጆቹ ኦገስት 15 ደግሞ ግሪኮች የእመቤታችንን በዓል ያከብራሉ። በፓሮስ የኤካቶንታፒሊያኒ ቤተ ክርስቲያን በዓሉ ትልቅ ስለሆነ በዚያ ሰሞን የመርከብ ቦታም አልጋም ማግኘት ጭንቅ ነው። የእኛ ጾመኞች ግን በዚያ ቀን ገና ፍልሰታ ላይ ናቸው፤ የሚፈቱት ነሐሴ 16፣ ማለትም ኦገስት 22 ነው። ለእኔ የሚሻለው ከእንቁጣጣሽ በኋላ፣ ከመስቀል በፊት ያለው ጊዜ ነው። ባሕሩ ገና ሞቃት ነው፣ ነፋሱም ቱሪስቱም ጋብ ይላል።

2. ቪዛውን ከጥሪ ካርዱ አስቀድሙ

እንግዶቹን በሚኖሩበት አገር ሳይሆን በያዙት ፓስፖርት ለዩአቸው። የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት ያለው ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አያስፈልገውም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ግን ግሪን ካርድ ቢኖረውም፣ የዱባይ መኖሪያ ፈቃድ ቢኖረውም የሼንገን ቪዛ (ግሪክን ጨምሮ ለብዙ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚያገለግለውን) ማውጣት አለበት፤ የሚያመለክተውም በሕጋዊነት ከሚኖርበት አገር ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች መደበኛው የመልስ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል፤ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛም መስጠት ቀርቷል። ይህ ማለት አንድ እንግዳ በመሐል ኢስታንቡል ደርሶ ልመለስ ቢል ወደ ግሪክ መግቢያው ያልቃል። ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር ቀድሞ ማስገባት ስለሚቻል፣ ቢያንስ አራት ወር ሲቀር አስገቡ። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድን፣ የሆቴል ማስያዣና የባንክ መግለጫ ያስፈልጋል። ሙሽሮቹ የሚጽፉት የጥሪ ደብዳቤ የሠርጉን ቀንና ቦታ፣ እንግዳው የት እንደሚያርፍና ወጪውን ማን እንደሚችል በግልጽ ይናገር። ቪዛው ሳይመታ ገንዘቡ የማይመለስ ቲኬት አትግዙ።

3. ለባሕሩ ሁለት ቀን ስጡት

ከፒሬየስ፣ ማለትም ከአቴንስ ዋና ወደብ፣ ፓሮስ ለመድረስ ትልቁ መርከብ አራት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ፈጣኑ ሦስት ሰዓት ገደማ። ነፋሱ ቦፎርት በሚባለው የነፋስ ኃይል መለኪያ 8 ሲደርስ የወደብ ባለሥልጣናት ጉዞ ያግዳሉ፤ ፈጣኖቹና ትንንሾቹ ከዚያም በፊት ይቆማሉ። ስለዚህ ማንም እንግዳ በሠርጉ ዋዜማ እንዳይሻገር። ከሁለት ቀን በፊት ደሴቱ ላይ ይገኝ። ዕድሜያቸው ለገፋ፣ ደረጃ ለሚከብዳቸው ከአቴንስ የሚነሳ አነስተኛ አውሮፕላን አለ፤ ወንበሩ ጥቂት ስለሆነ ቀድማችሁ ያዙላቸው።

ቲኬቱ ላይ ያለውን የወደብ ስም አንብቡ። አንዳንዱ መርከብ ለአቴንስ አውሮፕላን ማረፊያ ከሚቀርበው ከራፊና ይነሳል። ወደ ፒሬየስ ግን ከአውሮፕላን ማረፊያው ሜትሮ በቀጥታ ያደርሳል፤ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ወደቡ ሰፊ ስለሆነ የመግቢያ በሩን ቁጥር ጭምር ለእያንዳንዱ ሰው ጻፉለት።

4. ሰዓቱን በሁለት አቆጣጠር ጻፉ

ቲኬቱ 07:30 ይላል። አንድ አጎቴ ይህን "ሰባት ሰዓት ተኩል" ብለው አንብበው፣ ከምሳ በኋላ ነው ብለው ተረጋግተው ቡናቸውን ሲጠጡ መርከቡ ሄዶ ነበር። በቴሌግራም የምትልኩት መልእክት "ከጠዋቱ 1፡30፣ ቲኬቱ ላይ 07:30" የሚል ይሁን። ቀኑንም እንዲሁ፦ መስከረም 9፣ ሴፕቴምበር 19።

5. መርከቡ ውስጥ ምን እንደሚጠብቃቸው ንገሯቸው

መሳፈሪያው ከኋላ በሚዘረጋው የብረት መወጣጫ ነው፤ ከመኪኖቹ ጎን ለጎን ይገባል። ሻንጣ የመድረሻው ደሴት ስም በተጻፈበት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ፓስፖርት፣ መድኃኒትና የሠርግ ልብስ ግን ከእጅ አይለይ። ብዙዎቹ መርከቦች ፓሮስ ላይ አያበቁም፤ ወደ ናክሶስና ወደ ሳንቶሪኒ ይቀጥላሉ። ፓሮስ ሊደርስ ሲል በድምፅ ማጉያ ይነገራል፤ በዚያ ጊዜ ሰው ሁሉ ሻንጣውን ይዞ ታች መኪና ማቆሚያው ውስጥ ቆሞ መጠበቅ አለበት። የሰንሰለት ድምፅና የናፍጣ ሽታ ያስደነግጣል እንጂ ችግር የለውም። በሩ ሲከፈት መርከቡ የሚቆመው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ላይኛው ፎቅ ፎቶ ሲያነሳ የቆየ ናክሶስ ይወርዳል።

6. ደሴቱ ላይ

ታክሲ ጥቂት ነው። ድግሱ በደሴቱ ሰሜን ባለችው ናውሳ ከሆነ እንግዶቹን እዚያው አሳርፉ፤ መርከቡ ከሚያርፍበት ከፓሪኪያ ወደብ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚርቅ ለመምጫም ለሌሊት መመለሻም አውቶቡስ ተከራዩ። የድሮዎቹ መንደሮች መንገድ የድንጋይ ንጣፍ ነው፤ ቀጭን ተረከዝ ያለው ጫማ እንደማይሆን ለሴቶቹ አስቀድማችሁ ንገሩ።

7. መመለሻው

ሲመጡ የተጠነቀቁ ሰዎች ሲመለሱ ይዘናጋሉ። ጠዋት በመርከብ ተሻግሮ ከሰዓት በኋላ ወደ አገር መብረር መርከቡ ሲዘገይ ትልቁን ቲኬት ያስቃጥላል። የመጨረሻዋን ሌሊት ሁሉም አቴንስ ይደር።