ከሁለት ዝርዝር ያልከፈሉትን ለይቶ ማውጣት

አንዱ ፋይል ላይ የተመዘገቡት ሁሉ ስም አለ፤ ሌላው ላይ የከፈሉት ብቻ። ያልከፈሉት እነማን ናቸው? በዓይን መልቀም አያስፈልግም። ተርሚናል ላይ፣ ማለትም ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት፣ ግሬፕ የሚባለውን የመፈለጊያ ትእዛዝ ጻፉና ክፍተት ሰጥታችሁ ሰረዝ አድርጉ። ከሰረዙ ጋር አያይዛችሁ ትንሹን ቪ፣ ትንሹን ኤክስ፣ ትልቁን ኤፍ፣ መጨረሻ ላይ ትንሹን ኤፍ ጻፉ። ከዚያ ክፍተት ሰጥታችሁ የከፋዮቹን ፋይል፣ ቀጥሎ ደግሞ ክፍተት ሰጥታችሁ የሁሉንም። ቅደም ተከተሉን አታዛንፉ፤ ትንሹ ኤፍ ከኋላው የሚመጣውን ፋይል ነው እንደ መፈለጊያ ዝርዝር የሚያነበው። ቪ የተገኘውን ጥሎ ያልተገኘውን ያወጣል። ትልቁ ኤፍ ነጥብና ኮከብን እንደ ተራ ምልክት ያያል።

ኤክስን ግን አደራ፣ እንዳትረሱ! መስመሩ ከዳር እስከ ዳር ካልገጠመ አይቆጥረውም። እሱ ከሌለ «አበበ» ሲከፍል ያልከፈለችው «አበበች»ም አብራ ትጠፋለች፤ ስሟ ውስጥ «አበበ» አለና።

አንደኛው ፋይል ዊንዶውስ ላይ የተሠራ ከሆነ መጀመሪያ ዶስቱዩኒክስ በሚባለው ፕሮግራም አጽዱት። በየመስመሩ መጨረሻ የማይታይ ምልክት ስላለ ስሞቹ አይገጥሙም። «ፀሐይ» እና «ጸሐይ» ደግሞ ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ የፊደል አጻጻፉ አንድ ካልሆነ በዚህ ዘዴ አትጠቀሙ።