ደቦና ሰርግ ላይ ሚባለውን የተቃውሞ ግጥም እንዴት እንሰብስብ? ሰሜን ሸዋ ላላችሁ

የተቃውሞ ዘፈን ሲባል ሰው ቶሎ ሚመጣለት ሰልፍ ላይ ሚጮኸው መፈክር ነው። መፈክር ለመሰብሰብ ቀላል ነው፣ ተፅፎ ታገኙታላችሁ፣ "መሬት ለአራሹ"ን በ1957 ተማሪዎች ይዘውት ወጡ፣ "ያለ ምንም ደም ኢትዮጵያ ትቅደም" በ1966 መጣ፣ ማንም ቢለው የትም ቢለው ትርጉሙ አይቀየርም፣ እንዲያውም መፈክር ሚሆነው ለዛ ነው። የኛ አገር ገበሬ ግን ብሶቱን እንደዛ አያወጣም። አጨዳ ላይ፣ አውድማ ላይ፣ ሰርግ ላይ፣ ለቅሶ ላይ ሁለት ስንኝ ውስጥ ጠቅልሎ ነው ሚያወጣው፣ የገባው ይገባዋል ያልገባው ዘፈን ነው ብሎ ያልፈዋል። ድሮ ነገስታቱ "እረኛ ምን አለ?" ብለው ይጠይቁ ነበር ሚባለውም ለዚሁ ነው። እኔ መንዝና ተጉለት ባለው ዘመድ ሰበብ እየዞርኩ የተወሰነ ሰብስቤያለሁ፣ ያበላሸሁትም አለ፣ ችሎታው ያላቸው ሰዎች ደግሞ በየአመቱ እየቀነሱ ነው፣ ስለዚ ልጆቻቸው የሆናችሁ ስልካችሁን ይዛችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ይሄን አንብቡት።

ወቅቱን እወቁ መጀመሪያ። ኅዳር አጨዳ ነው፣ ደቦ ይጠራል፣ አንዱ አውጪ ይሆናል ሌላው ተቀባይ፣ ማጭዱ እስካልቆመ ግጥሙም አይቆምም። ከዛ ውቂያ ይመጣል፣ አውድማ ላይ ለበሬው ይዘፈናል፣ በሬውን እያሞገሰ ሌላ ሰው ሚወቅስ እዛ ነው ምታገኙት። ከገና በፊት ጾም ስለሆነ ሰርግ አትጠብቁ፣ ጥር ላይ ነው በሽ በሽ ሚለው። ሰርጉ ላይ ሞንታርቦ ተተክሎ ዲጄ ካለ ድንኳኑ ውስጥ ጊዜያችሁን አታቃጥሉ፣ ወደ ጓሮ ዙሩ፣ ወጥ ሚሰራበት ጋ፣ ሴቶቹ አንዷ ጀሪካን አንዷ ከበሮ ይዘው ሚጫወቱት እዛ ነው፣ ወንዶቹ ፊት ማይባለው ሁሉ እዛ ይባላል። ለቅሶ ላይ ግን ስልክ አታውጡ። አልቃሿ ልጁ በምን እንደሞተ፣ ማን እንደወሰደው፣ ማን እንዳልደረሰለት በሙሾ ትናገራለች፣ ከባዱ ተቃውሞ ያለውም እዛ ነው፣ ግን የሰው ሀዘን ነው፣ በጆሯችሁ ያዙት፣ 40 ካለፈ በኋላ ቤተሰቡን አስፈቅዳችሁ አልቃሿን ቁጭ ብላችሁ ጠይቋት።

ከለቅሶ ውጪ ያለውን ግን የግድ ድምፅ ቅዱ፣ ፅፌ እይዘዋለሁ አትበሉ። ለምን እንደሆነ በምሳሌ ላሳያችሁ፣ እዚህ ያሉት ምሳሌዎች እኔው ለማሳያ የገጠምኳቸው ናቸው፣ ከሰው አፍ የቀዳሁትን ለምን እንደማልፅፍ ወደታች ትደርሱበታላችሁ።

እንግዳ አትጥሩብኝ ባዶ ነው ጎተራ፣
ገብሬ አለቀብኝ የዓመቱ አዝመራ።

ወረቀት ላይ ስታነቧት ሰውየው ገብሬ ሚባል ጎረቤቱን ጠርቶ እህሌ አለቀብኝ ብሎ እያማረረ ነው፣ በቃ። አሁን "ብ"ን አጥብቃችሁ በሏት እስቲ። ገብሬ፣ ግብር ከፍዬ፣ በዛ ነው ያለቀብኝ። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ለይቶ አይፅፍም፣ ክሱ በሙሉ ያለው ደግሞ እቺ አንድ ፊደል ላይ ነው። ጎበዝ ዘፋኝ መጀመሪያ አላልቶ ይላታል፣ ሲደግማት ያጠብቃታል፣ ሰው ሚስቀው ሲደግማት ነው። ወረቀት ብቻ ይዛችሁ ብትመጡ ሰሙን ይዛችሁ ወርቁን እዛው ጥላችሁት መጣችሁ ማለት ነው። ስለዚ ከድምፁ ወደ ደብተር ስትገለብጡ ምትጠብቀው ፊደል አናት ላይ ነጥብ አድርጉባት፣ ሚያስኬዱት ሁለቱም ከሆኑ ሁለቱንም ፃፉ፣ አንዱን መርጣችሁ አትወስኑለት።

ቤቱንም፣ የግጥሙን ምት ማለት ነው፣ ቁጠሩ፣ ይጠቅማችኋል። ብዙው የወል ቤት ነው፣ ስንኙ ለሁለት ይከፈልና እያንዳንዱ 6 ቀለም (ስትሉት ለየብቻ ሚሰማ ክፍለ ቃል) ይይዛል፣ ሰንጎ መገን ከሆነ 5 በ5 ነው፣ ቡሄ በሉ 4 በ4። የሰማችሁት ቃል ቀለሙ በጣም ከተረፈ ወይ ከጎደለ ተሳስታችሁ ሰምታችሁ ይሆናል፣ ዘፋኙ በዜማ ሚውጠው ፊደል ስላለም ቶሎ አታርሙ፣ ደጋግማችሁ ስሙት። ሽማግሌዎቹ "ከዚህ" ለማለት "ኸዚህ" ካሉ "ኸዚህ" ብላችሁ ፃፉት፣ ወደ ከተማ አማርኛ አታምጡት።

ማሲንቆ ያለበት ቦታ ላይ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። አዝማሪው ያለውን ሁሉ አዝማሪው ገጠመው አትበሉ። ከተቀመጡት አንዱ "ተቀበል!" ይልና ስንኙን ይሰጠዋል፣ አዝማሪው ቃሉን ሳይቀንስ ተቀብሎ በዜማ ይለዋል፣ ስለዚ ተናጋሪው ሰጪው ነው። በድምፁ ላይ የሰጪው ድምፅ ደከም ብሎ ከኋላ ነው ሚሰማው፣ ስልኩን ማሲንቆው አፍ ስር ካስቀመጣችሁት ጨርሶ አይሰማም፣ መሀል ላይ ከሰው ጋር አድርጉት። ስልክ ተደውሎ ቅጂው እንዳይቋረጥ ደግሞ ኔትወርኩን ዝጉት፣ እኔ አንዴ እንደዛ ሆኖብኝ ግማሹ ቀርቷል።

ሌላዋ ምሳሌ፦

መጣሁ መጣሁ ብለህ ሦስት ክረምት አለፈ፣
ከወንዙ ዳር ቆሜ እንባዬ ጎረፈ።

እቺ የፍቅር ናት፣ ብትገለብጧት ብታገላብጧት ሌላ ነገር የለባትም፣ አንድም ሁለት ትርጉም ያለው ቃል አታገኙባትም። ግን ሰርጉ ላይ ድልድይ እንሰራላችኋለን ብሎ ሦስት አመት ያለፈው ሹም ፊት ለፊት ተቀምጦ ቢሆንስ፣ ወንዙ ደግሞ ክረምት በገባ ቁጥር ልጆች ከትምህርት ሚያስቀር ወንዝ ቢሆንስ? ያኔ ከማንኛውም መፈክር በላይ ትቆርጣለች፣ ሹሙም አይቆጣም፣ ምን ብሎ ይቆጣል፣ የፍቅር ዘፈን ነው። ይሄን ነው እንድትይዙልኝ ምፈልገው፣ ወርቁ ሁሌ ቃሉ ውስጥ አይደለም ሚቀመጠው፣ አንዳንዴ ወንበሩ ላይ ነው ሚቀመጠው። ስለዚ ግጥሙን ስትፅፉ ከጎኑ ማን ፊት እንደተባለ፣ ወሩን፣ በዛ ሰሞን አገሩ ላይ ምን እንደነበር (ማዳበሪያ ዘግይቶ ነበር? መሬት ተለክቶ ነበር?)፣ ሰው ሳቀ ወይ "ይደገም" አለ ወይ ዝም አለ፣ ይሄን ሁሉ በዛው ቀን ማታ ፃፉት። ነገ እፅፈዋለሁ ካላችሁ ይጠፋል። ዝም ማለቱንም ፃፉት በተለይ፣ ሁሌ ሚስቅ ተቀባይ ድንገት ድምፁን ሲቀንስ ምክንያት አለው።

የቆየ ግጥም ሲነግሯችሁ ዘመኑን ከቃሉ መገመት ይቻላል። ገበሬ ማህበር ካለበት ከየካቲት 25 ቀን 1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ነው። ብሔራዊ ውትድርና ሚል ካለበት ከ1975 ወዲህ ነው፣ እናቶች ስለዚህ የገጠሙት ብዙ ነው፣ አክስቶቻችሁን ጠይቁ። ሽግሽግ ካለ ደግሞ በአማራ ክልል በ1989 የተደረገው የመሬት ድልድል ሊሆን ይችላል። ግን ግጥም ልብስ ይቀይራል፣ በጣሊያን ጊዜ ስለ ባንዳ የተባለው ስንኝ ስሙ ብቻ ተቀይሮ ለሌላ ዘመን ይባላል፣ ስለዚ "ይቺን ድሮ ለማን ነበር ሚሏት?" ብላችሁ ጠይቁ። አንዳንዴ እኔ ራሴ ማልጠብቀውን ሦስት ዘመን ቆጥረውልኛል።

አሁን ከባዱ ጉዳይ። ስም አትፃፉ። የዛሬ ጥቂት አመት አንድ ሽማግሌ አውድማ ላይ ለበሬያቸው ያሏትን ሁለት ስንኝ ቀድቼ 40 ሰው ላለበት የቴሌግራም ግሩፕ ላክኋት፣ ከደስታዬ ብዛት ነው የላክኋት፣ ሳምንት ሳይሞላ ፎርዋርድ ስትደረግ ወረዳውን ዞረች፣ ድምፃቸውን ማያውቀው ሰው የለም፣ ተጠርተው "ማንን ነው?" ተባሉ። "በሬዬን ነዋ" ብለው ወጡ፣ በርኖሳቸውን እንደለበሱ ሁለት ሰዓት ሙሉ በረንዳ ላይ አቁመዋቸው ማለት ነው፣ በዛ እድሜያቸው። ሰሙ አዳናቸው፣ የተሰራውም ለዛ ነው። ግን ከዛ ወዲህ እኔ ካለሁ አይገጥሙም፣ ስመጣ ሰላም ይሉኛል፣ ጠላ ይቀዱልኛል፣ ዝም። አፋቸውን የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ እስካሁን ይቆረቁረኛል። ነገሩ አዲስም አይደለም፣ ግራዚያኒ ከየካቲት 12 ቀን 1929 በኋላ እንዲጠፉ ትዕዛዝ ካወጣባቸው ሰዎች ውስጥ አዝማሪዎች አሉበት፣ ጠመንጃ ስለያዙ አይደለም፣ ወሬውን አገር ለአገር ስለሚያደርሱት ነው።

ስለዚ እንዲህ አድርጉ። ድምፁን ከስልክ አውጥታችሁ ሜሞሪ ካርድ ወይ ፍላሽ ላይ አድርጉት፣ ሁለት ቦታ፣ አንዱን እናንተ ጋ አንዱን ምታምኑት ሰው ጋ። የፋይሉ ስም ላይ የሰው ስም የቀበሌ ስም አይኑር፣ ቁጥር ስጡት፣ ቁጥሩ የማን እንደሆነ ሌላ ደብተር ላይ ይፃፍ፣ ደብተሩና ድምፁ አንድ ቦርሳ ውስጥ አይደሩ። ቲክቶክ ላይ አትልቀቁ፣ ሰው ቢወድላችሁም ቢለምናችሁም። ለሰው ማሳየት ካለባችሁ በራሳችሁ ድምፅ በሉት፣ ቦታውንም "ደጋው ላይ" ካላችሁ ይበቃል። ጊዜው ሻል ሲል፣ ባለቤቶቹም ሲፈቅዱ፣ ያኔ በስማቸው ይወጣል፣ ስማቸው ጠፍቶ እንዲቀር አይደለም ደብተሩ ሚፃፈው። ሰውየው እንዳይቀዳ ካለ ደግሞ አትቅዱ፣ ተደብቆ ጋቢ ውስጥ መቅዳት ሚሉትን ነገር ተዉት።

በመጨረሻ የገለበጣችሁትን ይዛችሁ ወደ ባለቤቱ ተመለሱ። ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው፣ ማንበብ ቢችሉም እናንተው አንብቡ፣ ምክንያቱም ስህተታችሁ ሚታወቀው ድምፃችሁ ላይ ነው። ያላላችሁትን ያጠብቁላችኋል፣ የጣላችሁትን ቃል ይመልሱላችኋል፣ ብዙ ጊዜም አንዷን ስንኝ ስታነቡላቸው "እሷማ ወንድም አላት" ይሉና ያን ቀን ሰው በዝቶ ያላሏትን ሌላዋን ስንኝ ይነግሯችኋል፣ ስልኩን ከመክፈታችሁ በፊት ይቀዳ ወይ ብላችሁ ጠይቁ።