ፊያት 124 ስፓይደር፦ ሞተሪኖ ከመቀየርዎ በፊት ማሳውን ይለኩ

ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) እየደከመ ሲያዞር፣ የፊት መብራቱም ሲደበዝዝ አዲስ ሞተሪኖ አይግዙ። በእነዚህ የድሮ መኪኖች መጀመሪያ የሚጠረጠረው ማሳ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በቦዲው ብረት ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበት መስመር ነው። ሞተሩ በላስቲክ መቀመጫዎች ላይ ስለሚያርፍ ከቦዲው ጋር የሚያገናኘው የማሳ ገመድ ብቻ ነው፤ እሱ ሲዝግ ኤሌክትሪኩ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ሞተሪኖ ሲዞር ከሞተሩ ጋር የተያያዘ ሌላ የብረት ገመድ ከሞቀ፣ መንገዱ እሱ ሆኗል ማለት ነው።

አለካኩ ቀላል ነው። ሞተሩ እንዳይነሳ የኮይሉን (ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን) መካከለኛ ገመድ ነቅለው ከቦዲው ብረት ጋር ያገናኙት። ቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ዲሲ 20 ቮልት ላይ ያድርጉ። ቀዩን ጫፍ ቀለም በሌለው የሞተር ብረት ላይ፣ ጥቁሩን በራሱ በባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ (መቆንጠጫው ላይ አይደለም!) ይያዙና ሰው ቁልፉን ያዙር። እስከ 0.2 ቮልት ደህና ነው። 0.5 ካለፈ ችግሩ ተገኘ። ቀዩን ጫፍ ወደ ቦዲው አዛውረው ይድገሙት፤ ንባቡ በድንገት የወረደበት ቦታ ላይ ያለው ማያያዣ ነው የተበላሸው። ባትሪውን ፈተው ብሎኑን ያውጡ፣ ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጉ፣ አጥብቀው ካሰሩ በኋላ ግሪስ ይቀቡ።

መብራት ወይም ዋይፐር ብቻ የሚቆራረጥ ከሆነ ፊውዞቹን ይዩ። ጫፋቸው ሾጠጥ ያለው የድሮ ፊውዝ ሳይቃጠልም ዝገት ይዞ ያቋርጣል። መያዣውን ጠርገው ጠበቅ ያድርጉት፤ ነጩን በ8፣ ቀዩን በ16 አምፔር ብቻ ይተኩ።